ጂንካ በሙሉ የሰማው የእኔ መርዶ

ወዳጆቼ፣ በጋዜጠኛ ላይ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶ ያውቅ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ትናንት እዚሁ ገጼ ላይ ስለ ስቶይኮች ጽፌ ነበር። ጊዜን፣ ቁጣንና ሐዘንን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ስላስተማሩት የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን። ላይኩ ጥሩ ነበር። ሼርም ተደርጓል።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ኮመንት ላይ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ሞክረውት ያውቃሉ?»

ሞክሬዋለሁ።

ጂንካ ላይ። በደርግ ጊዜ። ሰው ሁሉ እያየኝ።

አልቻልኩም!

እንደ ሙያዬ ዋናውን ነገር በቅድሚያ ላስቀምጥ። እህቴ ዘነበች አዲስ አበባ በድንገት አረፈች። እኔ ለሥራ ጂንካ ነበርኩ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ታውቅ ነበር። አስተርጓሚዬ ያውቅ ነበር። ስልከኛው ያውቅ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ዜና ፈላጊው!

ነገሩ በእኛ አቆጣጠር በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ገና ሠላሳ ዓመቴን መያዜ ነበር። የዝግጅት ክፍል ባልደረቦቼ «ድንጋዩ» ይሉኛል። ስድብ አልነበረም። አለቃዬ የጻፍኩትን ዓይኔ እያየ ቀዶ ሲጥለው፣ «ሌላ ኮፒ አለኝ፣ እሱንም ላምጣልዎ?» ብዬ የጠየቅኩ ሰው ነኝ።

የዚህ ሁሉ እርጋታ ምንጭ ከመርካቶ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ትምህርቱ ሲያጥር እንዲህ ነው። በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ። ጠብቅ ከተባልክ ጠብቅ፣ ጊዜው የአንተ አይደለም። ቁጣ ሲመጣብህ እስኪበርድ ዝም በል። የምትወደው ሁሉ በውሰት የተሰጠህ ነው፤ ባለቤቱ ሲጠይቅህ ሳታጉረመርም መልስ።

ለዘነበች ተርጉሜ አነበብኩላት። ዘነበች ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሽንኩርት እየላጠች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይሄን የጻፈው ሰውዬ እህት አልነበረውም» አለችኝ።

ሳቅኩባት። ምን ታውቃለች ብዬ!

ጂንካ የሄድኩት ስለ ገበሬ ማኅበራት ለመጻፍ ነው። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። ላም ይግጥበታል። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ከብቱን ያባርራል፣ ፕሌኑ ያርፋል፣ ሲነሣ ላሞቹ ይመለሳሉ።

ሥራዬን ጨረስኩ። የበልጉ ዝናብ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ሜዳው ጨቀየ፣ ፕሌኑ ቀረ። በመኪና እንዳልሄድ የወይጦ ወንዝ ሞልቷል ተባለ።

ጠበቅኩ። በደስታ ጠበቅኩ ማለት ይቻላል! መጽሐፉ በተግባር ሊፈተን ነው።

ያረፍኩት እትዬ አስቴር ቤት ነው። እትዬ አስቴር ከጎፋ የመጣች ጸሎተኛ ሴት ናት። ቤቷ ሻይ፣ ምግብና አልጋ ብቻ ነው፤ ቢራ ብሎ ነገር የለም። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር፣ እሁድ እሁድ ጎረቤቶቿ እሷ ዘንድ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር።

አስተርጓሚዬ አቶ ጋይቶ የአሪ ሰው ነው፤ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን። ሲቀልድ ፊቱ አይንቀሳቀስም። ስልከኛው መኮንን ደግሞ የእኔ እኩያ ነው። «ሃሎ!» ሲል አዲስ አበባ ስልክ ሳያስፈልገው የሚሰማው ይመስላል።

የእህቴ ባል፣ ጋሽ በቀለ፣ አንድ ማክሰኞ ደወለ። መኮንን አነሣ። ጋሽ በቀለ ያለው፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ እንዲህ ነው። «ዘነበች አርፋለች። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። ሲመጣ እኛው እንነግረዋለን። አደራ።»

የመርዶን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ሰው ከዘመዱ ርቆ፣ በመንገድ ላይ፣ ባዶ ሆዱን አይነገረውም።

መኮንን ለእትዬ አስቴር ነገራት። እትዬ አስቴር ለአቶ ጋይቶ ነገረችው። ከዚያማ ከተማ ነው፣ ምን ይቀራል?

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጂንካ ተለወጠችብኝ።

ወደ ቤት ልደውል ስልክ ቤት ሄድኩ። «መስመሩ ተበላሽቷል» አለኝ መኮንን፣ ጣሪያውን እያየ። በነጋታውም ሄድኩ። በነጋታውም ጣሪያውን አየ።

እትዬ አስቴር ከክፍሌ ሬዲዮኑን ወሰደች። «ባትሪው ደክሟል» አለችኝ። እያወራ ነው የወሰደችው!

አቶ ጋይቶ ምንጣፉን ይዞ መጥቶ እኔ ክፍል መተኛት ጀመረ። «ቤቴ ያፈሳል» አለኝ።

ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል። ሥጋው ከእኔ ሳህን ላይ ይበዛል።

አንድ ምልክት ያየ ሪፖርተር ይጠረጥራል። ይህን ሁሉ ያየ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። እኔም ደረስኩ።

ልታሰር ነው!

ምክንያትም ነበረኝ። ካኮ ገበያ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንዱን ካድሬ «ገበሬው ለመንግሥት ኮታ ዘሩንም ከሰጠ የሚመጣውን ዓመት ምን ይዘራል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ካድሬው ረጅም ጊዜ አየኝ ብቻ። ያን ዘመን የምታውቁ፣ ካድሬ ረጅም ጊዜ ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝም።

ፈራሁ? ትንሽ። ግን ኩራትም ነበረበት። ስቶይክነት ከእስር ቤት የተሻለ የት ይፈተናል? በየማታው ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ አቆም ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ አቶ ጋይቶ ከምንጣፉ ላይ።

«መንገድ አይታወቅም ብዬ ነው።»

«አይታወቅም» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቅዳሜ አብረን ገበያ ወጣን። ዘነበች ስትሸኘኝ «ነጭ ማር ካላመጣህ በሬን እንዳትረግጥ» ብላኝ ነበር። ባለማሯ የአሪ እናት ነበረች። አንዱን ቅል አንሥቼ አሸተትኩ።

«ለማን ነው?» አለኝ አቶ ጋይቶ።

«ለእህቴ ነዋ! ማር ሲጎድልባት አታውቃትም።»

አቶ ጋይቶ ለሴትዮዋ በአሪኛ አንድ ነገር ነገራት፤ ረጅም አልነበረም። ሴትዮዋ ቅሉን ከእጄ ወሰደችው። ከኋላዋ ሌላ አወጣች፣ ከሁሉም የነጣውን። አፉን በኮባ ቅጠል ቀስ ብላ አሰረችው። ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለች።

«እሷም ሰምታለች ማለት ነው» አልኩ በልቤ። «ልታሰር መሆኑን።»

ቆይ፣ ገና ነው። እሁድን ስሙ።

እሁድ ከመዝሙሩ በኋላ ምሳ ቀረበ። መኮንን አለ፣ አቶ ጋይቶ አለ፣ ጎረቤቶች አሉ። ሁሉም ይበላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ አይነሣም። እኔም አዘንኩላቸው። የሚጨነቁት ለእኔ ነው፣ ላጽናናቸው አልኩ።

ሰበክኳቸው!

የራሳቸው ጸሎት ቤት ለታሸገባቸው ሰዎች የሮማውያንን ትምህርት ሰበክኩ። ሞት ማለት የተዋስነውን መመለስ ነው አልኩ። ብልህ ሰው አይጮኽም፣ ፊቱን አይነጭም አልኩ። ሰው የሞተበት ሰው «አጣሁ» አይበል፣ «መለስኩ» ይበል አልኩ። አቤት ድምፄ! ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ።

እትዬ አስቴር ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተወችው።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «እንዲህ የምትናገረው ማን ሞቶብህ ያውቃል?»

«እናቴ ሞታለች፣ ግን ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እንኳ ማንም። ቢሆንም ተዘጋጅቻለሁ።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። መኮንን ተከተላት። እኔ ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ?

ንግግሩ ልባቸውን ነካው ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ሳይነጋ ነቃሁ። አቶ ጋይቶ ምንጣፉ ላይ የለም። ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ይሰማል። ማንም አያወራም።

መጡ አልኩ።

አልቸኮልኩም። ፊቴን ታጠብኩ። ጢሜን ተላጨሁ። ነጩን ሸሚዜን ለበስኩ። ሻንጣዬን አነሣሁ። በሩን ራሴ ከፈትኩት።

ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ከፊት አቶ ጋይቶ፣ መኮንንና እትዬ አስቴር። ወታደር አላየሁም። ውጭ ቆመው ይሆናል አልኩ። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ።

«እንደምን አደራችሁ። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። በማናችሁም አልቀየምም። ካቴና አያስፈልግም፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

መኮንን አቶ ጋይቶን አየ። አቶ ጋይቶ እትዬ አስቴርን አየ።

«የምን ካቴና?» አለ አቶ ጋይቶ።

«ልታስሩኝ አይደል የመጣችሁት?»

«እኛ? በምናችን?»

እትዬ አስቴር ሳቅ አመለጣት። አንዲት አጭር ሳቅ። ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭነውም አመለጣት፤ ሳያልቅ ደግሞ ወደ ለቅሶ ዞረ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ገባኝ ብላችሁ ከገመታችሁ አክብራችሁኛል። አልገባኝም።

«ተቀመጥ» አለኝ አቶ ጋይቶ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከኋላዬ መጣና ሁለቱን ትከሻዬን ያዘ። ሌላ ሰው በግራዬ፣ ሌላ ሰው በቀኜ ቆመ። ሁሉም ቦታ ቦታው ተሰጥቶት ነበር።

«እህትህ ዘነበች አርፋለች» አለኝ ከኋላዬ።

እኔ፣ ድንጋዩ፣ ለዚህች ሰዓት ዓመታት የተዘጋጀሁት፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ምንጫችሁ ማነው?»

አዎ። እንዲህ ነው ያልኩት። አንብቡት ደግማችሁ።

«ጋሽ በቀለ ራሳቸው ናቸው የደወሉት» አለ መኮንን።

«መቼ?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

ማክሰኞ! ቅዳሜ ማር ሳሸት ያውቁ ነበር። ትናንት ስሰብክ ያውቁ ነበር።

ቁጣ ሲመጣብህ እስኪበርድ ዝም በል ይላል መጽሐፉ። እኔ ከያዙኝ እጆች አፈትልኬ የመኮንንን ኮሌታ ጨበጥኩ። ቁልፉ ተበጥሶ ሄደ።

«ጋዜጠኛ ነኝ እኮ! ከእኔ ዜና ትደብቃለህ? የገዛ እህቴን ሞት አገር ሰምቶ እኔ መጨረሻ እሰማለሁ?»

እህቴ ሞታለች። እኔ የምጮኸው ስለ ተራዬ ነው።

መኮንን እጁን አላነሣም። «ምታኝ» አለኝ። «የሚቀልህ ከሆነ ምታኝ። አንተን ስዋሽ ከርሜ እኔም እንቅልፍ የለኝም።»

አልመታሁትም። ወደቅኩና ጮኽኩ። ረጋ ያለው ጥርት ያለው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ የወጣው ሌላ ነው። ሜዳው ላይ የተኙት ላሞች ተነሥተው ቆሙ ብለውኛል።

መሬቱ ልስልስ ነበር። ግቢውን ጠጠር ሳያስቀሩ ለቅመውታል። ስወድቅ እንዳልጎዳ፣ ከእኔ በፊት ተነሥተው፣ በጨለማ በእጃቸው እየዳሰሱ።

«ለምን ማክሰኞ አልነገራችሁኝም?» አልኩ ድምፅ ሲመለስልኝ።

አቶ ጋይቶ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። «ዘመድህ ጋ እስክትደርስ ብለን ጠበቅን» አለኝ። «ሰማዩ እምቢ አለ። ሠልስቱ አለፈ። ትናንት ደግሞ ያን ሁሉ ስትናገር አስቴር "ከዚህ በላይ ብንደብቀው ኃጢአት ነው፣ ዘመድ እኛው እንሁን" አለች። ሆንን።»

ፀሐይ ወጣች። እትዬ አስቴር አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ያለች ነበረች? ሳናውቃት አናልቅስላት።»

«የተወለደችው ደብረ ብርሃን…» ብዬ ጀመርኩ።

«የት ተወለደች አላልኩህም።»

መጻፍ የማልችለው ነገር ተጠየቅኩ። አስተማሪዬ የገረፈኝን ቀን ነገርኳቸው። ዘነበች ዘነዘና ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ወንድሜን የነካው ይውጣ!» ትላለች። ዳይሬክተሩ ሳይቀር በጓሮ ወጥቶ ሄደ። ማታ ደግሞ ለምን አጠፋህ ብላ ራሷ ገረፈችኝ።

አቶ ጋይቶ ሳቀ። ፊቱ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ሁላቸውም ሳቁ፣ ሁላቸውም አለቀሱ። ለማያውቋት ለዘነበች ዝቅ ባለ ድምፅ ዘመሩላት። እኔም ቃሉን ሳላውቅ አብሬ አጉረመረምኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። የፕሌኑ ድምፅ ሲሰማ ያ ሁሉ ሰው ከብት ለማባረር ጭቃ ውስጥ ገባ። መኮንን ኮሌታውን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ከፊት ይሮጣል። ይቅርታ ልጠይቀው ብል «ዳይ፣ ዳይ፣ ሳይነሣ ግባ!» ብሎ ገፋኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም!

መኮንን ሲዋሽበት የከረመው መስመር በእነዚያ ቀናት በእውነት ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ በቀለ ጂንካ እንደነገረችኝ አልሰማም።

አዲስ አበባ ስወርድ፣ የጂንካ ፕሌን መነሣቱን ከአየር መንገድ ሰምቶ፣ ቆሞ ይጠብቀኛል። በፈገግታ! ቀይ ክራባት አድርጓል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጢሙን እንደማይላጭ ታውቃላችሁ። ጋሽ በቀለ እኔ እንዳልነቃ ሲል ተላጭቷል። አገጩ ሁለት ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ደሙ ገና አልደረቀም።

«ሰላም ነው? መንገድ እንዴት ነበር?» አለኝ።

ሰምቻለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። አገጩን አየሁት። ቤት ውስጥ አክስቶቼ ተሰብስበው፣ ማን ከኋላዬ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚናገር ሲመካከሩ እንደሰነበቱ አወቅኩ። ግቢውን ጠርገዋል። እነሱም ዘመድ ናቸው፤ ተራቸውን ጠብቀዋል።

ካልጠየቅኩት ይጠረጥራል። ስለዚህ ጠየቅኩት።

«ዘነበች ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለኝ ሻንጣዬን እየተቀበለ። «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው።»

«ጉንፋኑ ይሻላታል» አልኩ።

ያን ሌሊት የዘመድ ቤት አሳደሩኝ። ሊነጋ ሲል መጡ። ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ማንንም ምንጭ አልጠየቅኩም፣ የማንንም ኮሌታ አልያዝኩም። የተረጋጋሁ መስያቸው ነበር። ስሟን ሲጠሩት ግን እንደ አዲስ ወደቅኩ። ማስመሰል አልነበረበትም። አንዲት እህት ሁለት ጊዜ ሞተችብኝ።

እንግዲህ የኮመንቷ ልጅ፣ መልሴ ይኸው። ሞክሬዋለሁ። መጠበቁን ቻልኩበት፣ ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ አላወቅኩም እንጂ። ቁጣው ላይ አንድ ቁልፍ ዕዳ አለብኝ። ሐዘኑን ጭራሽ አልቻልኩም።

መጽሐፉን ግን እስከ ዛሬ አነባለሁ፣ ትናንትም ጽፌበታለሁ። ያጣሁበት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሞተች እህቱን ደህንነት፣ ሞቷን የሚደብቅለት ሰው እንዳይከፋ ብሎ፣ በፈገግታ የሚጠይቅ ሰው በስቶይኮቹ ሚዛን ምን ይባላል? ብልህ? ውሸታም?

ከእናንተ መሀል የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ምንጭ አልጠይቅም!